የኦርኪድ ቅጠል ዓይን የለውም፦ «ኦርኪድን በነፃ አራቡ» ለሚለው ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን «ኦርኪድን በቤታችሁ በነፃ አራቡ» የሚል ጽሑፍ ከስልክ ስልክ እየዞረ ነው። ባሕር ዳር ውስጥ አበባ የሚወድ ሰው ሁሉ የደረሰው ይመስለኛል። ለእኔም ብዙ ሰው ልኮልኛል፤ አንዳንዱ «አየሽው?» ብሎ፣ አንዳንዱ ደግሞ «እውነት ነው እንዴ?» ብሎ። ለእያንዳንዱ በተናጠል ከመመለስ ሁሉንም እዚህ ልጻፈው ብዬ ነው።

ጽሑፉን ላላያችሁት ፍሬ ነገሩ ይሄ ነው። የጣና ዳር አየር ለኦርኪድ ተስማሚ ነው ይላል። አንድ ቅጠል ቆርጣችሁ በነጭ ሽንኩርትና በስኳር ውሃ ብትዘፈዝፉት ሥር ያወጣል፣ ከአንድ ቅጠልም ብዙ ተክል ይገኛል ይላል። ከመትከያው ውጪ የሚንጠለጠሉት ሥሮች ምግብ ስለሚሻሙ ይቆረጡ፣ አበባው ሲረግፍ ዘንጉ ሁልጊዜ ከሥሩ ይቆረጥ፣ አዲስ እድገት የሚመጣው ያኔ ነው ይላል። መትከያው ውስጥ ጥቁር አፈርና ፍግ ይግባ፣ ውሃው በሳምንት አንዴ በበረዶ ይሰጥ፣ ዘሩም እንደ ጎመን ዘር መደብ ላይ ይበተን። ገዝቶ ለመጀመር አቅም የሌለው ደግሞ ዘጌ ጫካ ሄዶ ከዛፍ ላይ በነፃ ያምጣ። ከዚህ የጨመርኩትም የቀነስኩትም የለም።

ጸሐፊው በቅን ልብ እንደጻፉት አልጠራጠርም። የምስማማባቸው ነገሮችም አሉ። ኦርኪድ የባለፀጋ ሳሎን አበባ ብቻ ነው የሚለውን አስተሳሰብ መቃወማቸው ደስ ብሎኛል። የተቆረጠ ቦታ ላይ ቀረፋ ነስንሱ ማለታቸውም ልክ ነው፣ ቀረፋ ፈንገስን ይከላከላል። ብቻ ቁስሉ ላይ እንጂ ሥሩ ላይ እንዳይነካ፤ ሥርን ያደርቃል። ስለ አየሩ ያሉትም በአብዛኛው እውነት ነው፣ እመለስበታለሁ። የምቃወመው ዋናውን ነገር ነው። አዲስ ቡቃያ ከየት እንደሚወጣ ጽሑፉ ስቶታል፣ ይሄ ከተሳተ ደግሞ ከሱ በኋላ ያለው ምክር ሁሉ ይሳሳታል።

ኦርኪድ ላይ አዲስ ነገር የሚበቅለው ከዓይን ነው። ሸንኮራ አገዳ የተከለ ሰው ይሄን ያውቃል፦ አንጓው ላይ ዓይን የሌለው ቁራጭ ቢቀበር ይበሰብሳል እንጂ አይበቅልም። ኦርኪድም እንደዚያው ነው፣ ልዩነቱ ዓይኑ የሚገኝበት ቦታ እንደየዓይነቱ መለያየቱ ነው። ሱቅ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ የምታገኙት፣ ሰፋፊ ቅጠልና ቢራቢሮ የሚመስል አበባ ያለው ፋላኖፕሲስ፣ ዓይኑ ያለው በአበባው ዘንግ አንጓዎች ላይና ቅጠሉ ከግንዱ ጋር በሚጋጠምበት ብብት ውስጥ ነው። ዴንድሮቢየም ቀጥ ብሎ በሚቆመው ግንዱ አንጓዎች ላይ አለው። ካትሊያና ኦንሲዲየም ደግሞ ከታች፣ በመትከያው ፊት ላይ በሚሳበው አግዳሚ ግንድ ላይ፣ በያንዳንዱ ያበጠ ግንድ እግር ሥር ነው ዓይናቸው።

ታዲያ ቅጠሉ ላይስ? ምንም የለም። የፋላኖፕሲስ ቅጠል ብቻውን ተቆርጦ ሲወጣ ዓይኑ ግንዱ ላይ ይቀራል። አፍሪካን ቫዮሌት ከቅጠል ይራባል፣ ሳንሴቬሪያም ይራባል፣ ምናልባት ጸሐፊው ከነዚህ ተነስተው ይሆናል፤ ግን የአንዱ ተክል ችሎታ ለሌላው አይተላለፍም። «ቅጠሉ እኮ ውሃ ውስጥ ስንት ሳምንት አረንጓዴ ሆኖ ቆየ» የሚል መልስ ሰምቻለሁ። ይቆያል! ቅጠሉ ወፍራም ነው፣ ውሃ ያጠራቅማል፣ ቶሎ አይጠወልግም። አረንጓዴ ሆኖ መቆየትና ማደግ ግን የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ጽሑፉ ላይ ያለው ፎቶም ሥር ያለው ቅጠል ያሳያል እንጂ ከቅጠሉ የወጣ አዲስ ተክል አያሳይም። ቅጠሉ ከግንድ ቁራጭ ጋር ተገንጥሎ ከወጣ ሥር ይዞ ሊመጣ ይችላል፣ ያ ደግሞ የግንዱ ሥራ ነው።

ነጭ ሽንኩርትን በተመለከተ ፈንገስና ባክቴሪያን የመግታት ጉልበት እንዳለው አልክድም። ዓይን በሌለበት ቦታ ዓይን አይፈጥርም ነው የምለው። ስኳሩ ደግሞ ጭራሽ ጉዳት አለው። ባሕር ዳር ሙቀት ላይ የስኳር ውሃ የነካው ቁስል በቀናት ውስጥ ሻጋታ ይይዘዋል፣ ጉንዳኑም ይሰለፍበታል።

እዚህ ላይ ፍትሐዊ ለመሆን አንድ ነገር ልጨምር። ላቦራቶሪ ውስጥ ከትንሽ የኦርኪድ ህዋስ ብዙ ተክል ማውጣት ይቻላል። ፈረንሳዊው ጆርጅ ሞሬል እ.ኤ.አ. በ1960 ከሲምቢዲየም የእድገት ጫፍ ተነስቶ ይሄን አሳይቷል፣ የዛሬው የኦርኪድ ንግድም በዚሁ መንገድ ነው የተስፋፋው። ፋላኖፕሲስንም ከለጋ ቅጠል ቁራጭ ያራቡታል። እዚያ ስኳር ይጠቀማሉ፣ እውነት ነው። ግን ጠርሙሱ፣ መቁረጫው፣ አየሩ ሳይቀር ከጀርም የጸዳ ነው፣ ሆርሞኑም በሚሊግራም ተለክቶ ነው የሚገባው። ከዚያ ውስጥ ስኳሩን ብቻ ነጥሎ ወደ ኩሽና ማምጣት አይሆንም።

አሁን ወደ ዘንጉ። ከጽሑፉ ሁሉ ያናደደኝ ይሄ ነው ብል ማጋነን አይሆንም፣ ምክንያቱም ሰው በቤቱ ልጅ፣ ማለትም ከእናት ተክሉ የሚወጣ አዲስ ተክል፣ ማግኘት የሚችልበትን ዋናውን ቦታ ነው ቆርጣችሁ ጣሉት የሚለው።

አበባው ሲረግፍ የፋላኖፕሲስን ዘንግ ጠጋ ብላችሁ እዩት። በየመሀሉ ቀለበት የመሰለ አንጓ አለው፣ አንጓው ላይ ደግሞ ሦስት ማዕዘን የሆነች ስስ ልጥ ተለጥፋለች። በጥፍር ወይም በመርፌ ጫፍ ቀስ ብላችሁ ከዳር አንስታችሁ ልጧን ግለጧት። ከሥሯ የሰሊጥ ፍሬ የምታህል፣ ሾጠጥ ያለች አረንጓዴ ነገር ታገኛላችሁ። ዓይኗ ያቺ ናት። ከዚህች ዓይን ሁለት ነገር ሊወጣ ይችላል፦ ወይ ሌላ የአበባ ቅርንጫፍ፣ ወይ ደግሞ ኬይኪ የሚባለው ልጅ፣ የራሱ ቅጠልና ሥር ያለው ሙሉ ተክል።

የትኛው እንደሚወጣ የሚወስነው በአብዛኛው ሙቀትና ሆርሞን ነው። ሳይቶኪኒን የሚባል የእድገት ሆርሞን ያለበት ቅባት ይሸጣል፤ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካላችሁ ትንሽ ቱቦ ለብዙ ጊዜ ይበቃል። የክብሪት ጭንቅላት ከሚያህል ያነሰ ቀብታችሁ ትተዋላችሁ። ከበዛ የተጠማዘዘና የተሰባበረ እድገት ያመጣል፣ ስለዚህ «አትሳሱ» ቢሏችሁም ሳሱ። ቅባቱ ከሌላችሁም ተስፋ አትቁረጡ። ዘንጉን ከታች ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው አንጓ በላይ ብትቆርጡት ብዙ ጊዜ የተኛችው ዓይን ትነቃለች፣ በአብዛኛው አበባ ይዛ፣ አልፎ አልፎ ደግሞ ልጅ ይዛ።

እዚህ ላይ ባሕር ዳር የምታግዘን ከተማ ናት። ከተማችን 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ፋላኖፕሲስ የአበባ ዘንግ የሚያወጣው ሙቀቱ ለተወሰኑ ሳምንታት ከ25 ዲግሪ ገደማ በታች ሲቆይ ነው፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ይሄን በነፃ ይሰጡናል። አበባው ጥርና የካቲትን አልፎ ሲሄድ መጋቢትና ሚያዝያ ይመጣሉ፣ የዓመቱ ሙቀት። ዘንጉ ላይ ያለችው ዓይን ወደ አበባ ሳይሆን ወደ ልጅ እንድታዘነብል የሚያደርጋት ደግሞ ሙቀት ነው። ስለዚህ ልጅ የምትፈልጉ ከሆነ በነዚህ ወራት ሞክሩ። ከዚያ ክረምቱ ይገባል፣ አየሩ ይረጥባል፣ ልጁም ሥር ለማውጣት ምቹ ጊዜ ያገኛል። ጸሐፊው የጣና አየር ይስማማል ብለው በአንድ ዓረፍተ ነገር ያለፉት ጉዳይ ይሄ ሁሉ ነበረው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን ቀርቷቸዋል። ፋላኖፕሲስ የፊሊፒንስና የኢንዶኔዥያ ቆላ ደን ተክል ነው። ታኅሣሥና ጥር ሌሊቱን በረንዳ ላይ ማደር የለበትም። የኛ የሌሊት ብርድ ከ10 ዲግሪ በታች የሚወርድበት ጊዜ አለ፣ እሱ ደግሞ ከ15 በታች ሲሆን ይደነዝዛል። ቀን በረንዳ፣ ማታ ቤት።

ልጁ ሲወጣ አትቸኩሉ። ሁለት ሦስት ቅጠል ይኑረው፣ ሥሮቹም ከ5 እስከ 8 ሳንቲ ሜትር ይድረሱ። እናትየው ላይ እያለ የሚመገበው ከሷ ነው፣ ቶሎ የተነጠለ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ይሞታል። ስትነጥሉት ከግራና ከቀኙ ትንሽ ዘንግ አስቀርታችሁ ቁረጡ፣ ምላጩን በእሳት አቃጥሉ፣ ቁስሉን ቀረፋ ነስንሱበት። ምላጭ ማቃጠል ለወጉ አይደለም፤ ሲምቢዲየም ሞዛይክ የሚባለው ቫይረስና መሰሎቹ ከተክል ወደ ተክል የሚተላለፉት በመቁረጫ ነው፣ ከያዙት ደግሞ መድኃኒት የላቸውም። ከዚያ በኋላ ልጁ እስኪያብብ ሁለት ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ይፈልጋል። በወር ውስጥ አበባ የሚል ሰው ካለ አትመኑት።

ጸሐፊው ትክክል የሚሆኑበት ጊዜም አለ። ዘንጉ ቢጫ ሆኖ ከደረቀ ከሥሩ ይቆረጥ፣ ዓይኑም አብሮ ሞቷል። ተክሉ ደግሞ ከከሳ፣ ቅጠሎቹ ሁለት ብቻ ሆነው ከተጨማደዱ፣ ዘንጉ አረንጓዴ ቢሆንም ይቆረጥ። ለከሳ እናት ልጅ መጫን ግፍ ነው። የተቃወምኩት «ሁልጊዜ» የምትለዋን ነው።

ደግሞም ጽሑፉ ከዳር እስከ ዳር ፋላኖፕሲስን ብቻ እያሰበ «ኦርኪድ» ይላል። በቤት ለማራባት ከሁሉ የሚቀልለው እኮ ዴንድሮቢየም ነው! አበባውን የጨረሰ፣ ቅጠሉን ያራገፈ አሮጌ ግንድ ብዙ ሰው «ደረቀ» ብሎ ቆርጦ ይጥላል። አይጣል። ግንዱ እስካልተሸበሸበ ድረስ ሕይወት አለው፣ አንጓዎቹ ላይ ደግሞ ዓይን አለ። ሁለት ሦስት አንጓ ያለው ቁራጭ አድርጋችሁ ቆራርጡት፣ የተቆረጠው ፊት አንድ ቀን ይድረቅ፣ ከዚያ እርጥብ ሞስ (እንደ ስፖንጅ ውሃ የሚይዝ ዕፅ) ላይ አጋድማችሁ አስተኙት። ሃይላንድ ጠርሙስ ወገቡ ላይ ቆርጣችሁ ብትከድኑበት እርጥበቱን ይይዛል፤ ክዳኑን ግን ክፈቱት፣ አየር ካልገባ ይሻግታል። ከሳምንታት እስከ ወራት ባለው ጊዜ ከአንጓው ትንሽ ቡቃያ፣ ከቡቃያው እግር ደግሞ ነጭ ሥር ይመጣል።

ዴንድሮቢየም ኖቢሌ የሚባለው ዝርያ እንዲያውም ሳይነኩት ግንዱ ላይ ልጅ ይደረድራል። የሚገርመው ብዙ ጊዜ ይሄ የሚሆነው ክረምቱ ካለፈ በኋላ ውሃና ማዳበሪያ ስላልተቀነሰለት ነው። ማበብ ሲገባው ይወልዳል። አበባ የሚፈልግ ሰው ከኅዳር ጀምሮ ውሃውን ይቀንስ፣ ልጅ የሚፈልግ ይቀጥል። ምርጫው የናንተ ነው።

ካትሊያና ኦንሲዲየም የሚራቡት በመክፈል ነው። ለያንዳንዱ ክፋይ ቢያንስ ሦስት ያበጠ ግንድ ይድረሰው፣ አንድ ብቻ ይዞ የተተከለ ለዓመታት ተኝቶ ይቀራል። አንድ የማውቃት ጥሩ ዘዴ ልንገራችሁ። ከመክፈላችሁ ከወራት በፊት አግዳሚውን ግንድ መክፈል የምትፈልጉበት ቦታ ላይ በምላጭ ቆርጣችሁ፣ ተክሉን ከመትከያው ሳታወጡ እዚያው ተዉት። የፊተኛው እድገት የኋለኛውን ዓይን አፍኖ ነበር የያዘው። መስመሩ ሲቆረጥ የኋላው አሮጌ ግንድ ዓይን ይነቃል። አዲሱ ቡቃያ የራሱን ሥር ማውጣት ሲጀምር ትለያዩታላችሁ፣ ሁለቱም ሳይደነግጡ ይቀጥላሉ።

ሥር ካልኩ አይቀር፣ «የሚንጠለጠሉ ሥሮች ይቆረጡ» ወደሚለው ልሂድ። እባካችሁ አትቁረጡ። እነዚህ ኦርኪዶች በተፈጥሯቸው ዛፍ ላይ የሚኖሩ ናቸው፣ ሥራቸው አየር ላይ መንጠልጠሉ ወጉ ነው። ምግብ ይሻማል የሚባለው ተገልብጦ ነው። አንድ ነገር ሞክሩ፦ ብርማ ግራጫ የሆነ ሥር ፈልጉና ውሃ ርጩበት። ዓይናችሁ እያየ አረንጓዴ ይሆናል። ከላይ የሸፈነው ስፖንጅ የመሰለ ሽፋን ውሃውን ሲመጥ ግልጽ ሆኖ ውስጡ ያለው አረንጓዴ ክፍል ይታያል። ያ አረንጓዴ እንደ ቅጠሉ ብርሃን ተጠቅሞ ምግብ ይሠራል። ስለዚህ ያንን ሥር የቆረጠ ሰው የውሃ ቧንቧውንም ማዕድ ቤቱንም አብሮ ነው የቆረጠው። በጣት ሲጫኑት ባዶ የሆነ፣ ሲስቡት ልጡ ተገፎ ክር ብቻ የሚቀር ሥር ሞቷል፣ እሱ ይወገድ። የሥሩን ጫፍ ደግሞ ተከታተሉት። ጫፉ ላይ የሚያብረቀርቅ አረንጓዴ ወይም ቀላ ያለ ክፍል ሲወጣ ተክሉ ነቅቷል ማለት ነው፤ ለመክፈልም፣ መትከያ ለመቀየርም፣ ልጅ ለመነጠልም ከዚያ የተሻለ ጊዜ የለም።

ከዚህ ተነስታችሁ ስለ ጥቁር አፈርና ፍግ ምን እንደምል ታውቁታላችሁ። አየር የለመደ ሥር ዋልካ አፈር ውስጥ ሲገባ ይታፈናል። ክረምት ላይ ደግሞ ጣና ዳር አፈር ያዘለውን ውሃ አይለቅም፣ ሥሩ ከነሐሴ አያልፍም። ፍጉ ጨውና ሻጋታ ይጨምርበታል። ለምን ጥሩ ነው ብለው እንዳሰቡ ይገባኛል፣ ለቃሪያና ለጎመን እኮ ጥሩ ነው። መሬት ላይ የሚበቅሉ ኦርኪዶች እንዳሉም አልዘነጋሁም፤ በአገራችን ሜዳና ጫካ በክረምት የሚያብቡት የሀቤናሪያ ዝርያዎች አፈር ውስጥ ናቸው። ሱቅ ውስጥ የሚሸጡት ግን እነሱ አይደሉም። ለነዚህ የሚሆነው ከአንድ እስከ ሁለት ሳንቲ ሜትር የተፈረፈረ የፓይን ዛፍ ቅርፊት፣ ከሰል፣ ባለ ቀዳዳ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። ከሰሉን መጀመሪያ እጠቡት። መትከያው ብዙ ቀዳዳ ይኑረው፣ ግልጽ ፕላስቲክ ቢሆን ደግሞ ሥሩን እያያችሁ ውሃ መቼ እንደሚያስፈልገው ታውቃላችሁ፦ ግራጫ ከሆነ ጠምቶታል፣ አረንጓዴ ከሆነ ይቆይ። ማዳበሪያ በውሃ የሚሟሟውን፣ ዕቃው ላይ ከተጻፈው ልክ ሩቡን ብቻ። ለጤፍ የመጣ ዩሪያ ቆንጥራችሁ እንዳትጨምሩ፣ ሥሩን ያቃጥላል።

በረዶውን በአጭሩ ላሳልፈው። ብዙ ሰው «በረዶ ይገድለዋል» ይላል፣ ያም ልክ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2017 በአሜሪካ የኦሃዮና የጆርጂያ ዩኒቨርሲቲዎች ተመራማሪዎች ያወጡት ጥናት በሳምንት ሦስት ቁራጭ በረዶ የተሰጣቸው፣ ቅርፊት ውስጥ የተተከሉ ፋላኖፕሲሶች አበባቸው ከሌሎቹ ቀድሞ እንዳልረገፈ አሳይቷል። ስለዚህ ጸሐፊው እዚህ ላይ ከተቺዎቻቸው ይልቅ ወደ እውነት ይቀርባሉ። ግን ጥናቱ ስለ አበባ ዕድሜ ነው፣ ስለ አዲስ እድገት አይደለም። በደረቁ ወራት ለባሕር ዳር ሙቀት ያቺ ውሃ ታንሳለች፣ ቅርፊቱን ዳር እስከ ዳር አታርስም። ክረምት ላይ ከቆርቆሮ የሚወርደውን ውሃ አጠራቅሙ፣ የመጀመሪያው ዝናብ አቧራውን ካጠበው በኋላ ያለውን። ጠዋት ላይ መትከያውን በሙሉ አጥግቡት፣ ይንጠፍጠፍ፣ ከቅጠሎቹ መሀል ላይ ውሃ እንዳይተኛ በጨርቅ ጥረጉት። በቃ።

ዘሩ ግን በአጭሩ አይታለፍም፣ ምክንያቱም ሰው ለዚህ ብሎ ተክሉን ይጎዳል። አንድ የኦርኪድ የዘር ቋት በመቶ ሺዎች የሚቆጠር፣ በአንዳንድ ዝርያ ከሚሊዮን የሚበልጥ ዘር ይይዛል። ዘሩ ዱቄት ነው፣ ትንፋሽ ያበነዋል። ትንሽ የሆነው ስንቅ ስለሌለው ነው። የጎመን ዘር ቡቃያውን እስኪያወጣ የሚመገበው የራሱ ቀለብ አለው፣ የኦርኪድ ዘር የለውም። በተፈጥሮ የሚመግበው የተወሰነ ፈንገስ ነው፤ ይሄን ፈረንሳዊው ኖኤል በርናር እ.ኤ.አ. በ1899 ነው የደረሰበት። ያለ ፈንገስ፣ በጸዳ ብልቃጥ፣ ስኳር ባለበት ምግብ ላይ ማብቀል እንደሚቻል ደግሞ ሉዊስ ክኑድሰን የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1922 አሳየ። መደብ ላይ የተበተነ ዘር ከነዚህ አንዱንም አያገኝም። እናት ተክሉ ግን ቋቱን ለማብሰል ወራት ትደክማለች፣ ያንን ጉልበት ደግሞ ከአዲስ ቅጠልና ከሥር ቀንሳ ነው የምትሰጠው። አዲስ እድገት የምትፈልጉ ከሆነ ቋቱን ገና ትንሽ ሳለ ንቀሉት።

የመጨረሻው ዘጌ ነው። ይሄን ሳነብ ልቤ አዘነ። አገራችን ዛፍ ላይ የሚኖሩ የራሷ ኦርኪዶች አሏት፤ ማታ ማታ የሚሸቱ ነጫጭ አበባ ያላቸው ኤራንጊስ፣ ደቃቅ አበባ ያላቸው ፖሊስታኪያ ከነዚህ ናቸው። ሥራቸው ከዛፉ ቅርፊት ጋር ተጣብቆ ነው የሚኖረው። ስትልጡት ሥሩ ይበጣጠሳል፣ ቤት ደርሶ ለሳምንታት አረንጓዴ መስሎ ይቆይና ይሞታል። የተረፈው ቁስልም ጫካው ላይ ይቀራል። የዘሩ ነገር ከላይ እንዳልኩት ስለሆነ አንዱ ሲነቀል ሌላው ቶሎ አይተካውም፣ ፈንገሱና ዛፉ ተገጣጥመው ስንት ዓመት ሊፈጅ ይችላል።

«በነፃ» የሚለው ቃልም አይገባኝም። የዘጌ ጫካ እስካሁን የቆየው እነ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ስላሉ፣ አባቶችና የአካባቢው ሰው ዛፉን ስለጠበቁት ነው። የጣና ዙሪያ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በዩኔስኮ የባዮስፌር ሪዘርቭነት የተመዘገበ ነው። ኦርኪድ ደግሞ በዓለም ደረጃ ቤተሰቡ በሙሉ የዱር እንስሳትንና የዕፅዋትን ንግድ በሚቆጣጠረው በሳይተስ ስምምነት ሥር ነው፣ ኢትዮጵያም የስምምነቱ አባል ናት። ይሄ ስምምነት ድንበር ስለሚሻገር ንግድ ነው፣ ለዘጌው ጉዳይ በቀጥታ አልጠቅሰውም፤ ግን ዓለም ለምን እንዲህ እንደተጠነቀቀ ማሰብ ይገባል። በብዙ አገር ከጫካ የጠፉት ኦርኪዶች የጠፉት ሰው እየለቀመ ስለወሰዳቸው ነው።

እዚህም አንድ የምቀበለው አለ። ነፋስ የጣለው ቅርንጫፍ ላይ ኦርኪድ ተጣብቆ ብታገኙ መሬት ላይ ከቀረ ይበሰብሳል። ያኔ አባቶችን አስፈቅዳችሁ፣ ከነቅርንጫፉ እዚያው አጠገብ ያለ ዛፍ ላይ በቃጫ እሰሩት። ቤት አታምጡት።

ጸሐፊው ይሄን ካነበቡ የምለምናቸው አንድ ነገር ነው፦ የዘጌዋን አንቀጽ ያውጧት። በሌላው እየተከራከርን መቀጠል እንችላለን፣ ያችኛዋ ግን በተነበበች ቁጥር አንድ ሰው ቢላዋ ይዞ ጀልባ ላይ ሊወጣ ይችላል። እናንተም ጽሑፉን ያካፈላችሁ ሰዎች ይሄንን ለዚያው ሰው ላኩለት። ገንዘብ አጥቶ መጀመር ያቃተው ሰው ካለ ደግሞ ይጻፍልኝ። በረንዳዬ ላይ ያለው ዴንድሮቢየም አሮጌ ግንዶች አሉት፣ በመጋቢት ስቆርጥ ባለ ሦስት አንጓ ቁራጭ እሰጠዋለሁ፣ ጠርሙሱን ብቻ ይዞ ይምጣ።